ከኋላ ወንበር ሥር

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ከመዳፍ አይበልጥም። ሁለት ወፋፍራም ቡሎን አለው፣ ቀይ እጀታ አለው፣ ስታዞሩት ቀጭ ይላል። የባትሪ ማጥፊያ ይባላል፤ ጋራዥ ቤት «ስዊች» ብቻ ብለው ያልፉታል። አሮጌ መኪና የሌለው ሰው (ይህን ዓምድ የምንጽፈውን ጨምሮ፤ አንዳችንም ቮልስ የለንም) እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ታዲያ የታሪክ ዓምድ ላይ ምን አመጣው? አትቸኩሉ። በንጉሥ እንጀምር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲያስወጣቸው ደጅ ላይ የጠበቃቸው ሮልስ ሮይስ አልነበረም። ቮልስዋገን ነበረች። የሰማንያ ሁለት ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፣ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦርም ተወሰዱ። ይኼን ታሪክ ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፤ ቮልስ ባየን ቁጥር የሚነግረን ሰውም አይጠፋም። ነገር ግን ተራኪዎቹ አንዲት ነገር ይዘሏታል። የቮልስ ባትሪ ያለው ከሞተሩ አጠገብ አይደለም። ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ በቀኝ በኩል። ስለዚህ ንጉሡ ያን ቀን የተጓዙት ከባትሪ በላይ ወይም ከባትሪ አጠገብ ተቀምጠው ነው ማለት ነው።

ይኼ ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳነው ነበር። የድሮ ቮልስ የኋላ ወንበር ውስጡ የብረት ሞላ ነው፣ ከሞላው ላይ ደረቅ ጭረት ተነጥፎበታል። ፋብሪካው በባትሪው ላይ መክደኛ አድርጎ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ሲያልፍ መክደኛው ይጠፋል፣ ወይም ገዢው ከፍ ያለ ባትሪ ይገጥምና መክደኛው አልከደን ይላል። ከዚያ አንድ ቀን ከበድ ያለ ዘመድ ከኋላ ይቀመጣል። ሞላው ይወርዳል፣ የባትሪውን ሁለት ራስ ወይም ፖዘቲቩንና የመኪናውን ብረት ያገናኛል። በዚያ መስመር ላይ ፊውዝ የለም። ብረቱ ይግላል፣ ጭረቱ ይጨሳል፣ ቀጥሎ ያለውን መገመት አያቅትም። የቮልስ ሰዎች በየአገሩ የሚያውቁት፣ ስሙ የወጣ የእሳት መንገድ ነው። ባትሪውን ከመኪናው የሚለየው ያ ባለ ቀይ እጀታ ዕቃ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ግን ባትሪ ራሱ መኪና ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? ወደ ኋላ እንሂድ።

አዲስ አበባ መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊ ሲድሊ የተባለች መኪና ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ በበረሃውና በገደሉ አምጥቶ አጼ ምኒልክ ፊት አቆማት። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ ሌላ መኪና ይዞ ደረሰ። የቤንትሊን ጉዞ ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1913 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል። በዚያ ዘመን መኪና በቁልፍ አይነሳም። ከፊት ለፊት ማኑቬላ ይሰካል፣ ጉልበት ያለው ሰው ያሽከረክራል፣ ሞተሩ ከተቆጣ ማኑቬላው ወደ ኋላ ይመታል። እጅ ይሰብራል፣ መንጋጋ ይሰብራል።

አሜሪካ ውስጥ ባይረን ካርተር የሚባል የመኪና ሠሪ፣ የቆመች መኪና ሊያስነሳ ሲረዳ ማኑቬላው መትቶት በዚያው ሳቢያ ሞተ ተብሎ ይተረካል። የካዲላክ ኩባንያ አለቃ ሄንሪ ሊላንድ በዚህ አዝኖ መላ እንዲፈለግ አዘዘ ይላሉ። ትረካው ሲነገር ሲነገር እንደ ተዋበ እንጠረጥራለን። ያልተዋበው ክፍል ግን ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ መውጣቱ ነው። የእኛ መካኒኮች «ሞተሪኖ» የሚሉት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ መኪና ከባድ ባትሪ ተሸክሞ መሄድ ግዴታው ሆነ። የሰውን እጅ የሚሰብረው ማኑቬላ ቀረ፣ በምትኩ መቼም የማይተኛ ጉልበት ብረት ሳጥን ውስጥ ገባ። መኪናው ቆሞ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ ባለቤቱ ተኝቶ እንኳ ባትሪው ነቅቷል።

አሁን ወደ ልደታ።

ልደታ ስንል የዛሬ ልጆች ፍርድ ቤቱንና ባቡር ጣቢያውን ነው የምናስበው። አያቶቻችን ደግሞ አውሮፕላን ያስባሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ሲያደርግ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። ጄት ሲመጣ ሜዳው ስለማይበቃው ቦሌ ተሠራ፤ «አሮጌው ኤርፖርት» የሚለው ስም ብቻ ቀረ። ከልደታ ወደ ሜክሲኮ ሲሉ ደግሞ ተግባረ ዕድ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 የተከፈተው የቴክኒክ ትምህርት ቤት። የከተማዋን መካኒክና ኤሌክትሪሺያን ትውልድ በትውልድ ያወጣ ቤት ነው። አውሮፕላኑ ቢሄድም የብረትና የሽቦ ሙያ ሠፈሩን አልለቀቀም።

የለቀቀው ግቢው ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የልደታ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ተተከለ። ስለ መልሶ ማልማት ብዙ ተጽፏል፣ ስለ መኪናው ግን የጻፈ አላየንም። ድሮ ቮልስ ያለው ሰው ቆርቆሮ አጥሩን ከፍቶ ያስገባታል፤ ጣራ አላት፣ የቤቱ መብራት ይደርስላታል፣ ባትሪ ሲደክም ከመስኮት ሽቦ ስቦ ቻርጅ ያደርጋል። አራተኛ ፎቅ የወጣ ሰው ምን ያድርግ? መኪናዋ ታች የጋራ ሜዳ ላይ ነች፣ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅባታል፣ ሽቦ የሚወርድላት የለም። ቅዳሜ ለሠርግ ወይም ግንቦት ልደታን ለማክበር ካልሆነ አትነሳም። እዚህ ላይ ጥያቄው የእሳት ብቻ አይደለም፣ የሒሳብም ይሆናል።

ሒሳቡ እነሆ። ያለ ተጨማሪ ዕቃ የወጣች አሮጌ መኪና ስትቆም ብዙም ኤሌክትሪክ አትበላም። ግን የልጅ ልጅ መጥቶ ቴፕ ገጠመ፣ ሌባ በዛና አላርም ተገጠመ። እነዚህ ተደምረው 50 ሚሊ አምፔር ቢበሉ ኢምንት ይመስላል። በ30 ቀን ውስጥ 720 ሰዓት አለ። 0.05 ሲባዛ በ720 እኩል ይሆናል 36 አምፔር ሰዓት። የ12 ቮልት ቮልስ የፋብሪካ ባትሪ ስንት ነው? 36 አምፔር ሰዓት። ሙሉ ባትሪ በአንድ ወር ባዶ ማለት ነው፣ ማንም ሳይነዳት። ባዶ ሆኖ የሚቀመጥ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ይደነድናል፣ ሁለተኛ ቻርጅ አልይዝ ይላል። ብዙ ሰው «ባትሪው ፎርጅድ ነው» እያለ ነጋዴ ሲረግም የምንሰማው አንዳንዱ ይኼው ነው።

ባለፈው ሰሞን ልደታ አካባቢ አንድ ጋራዥ ገብተን ይኼ ዕቃ ሲገጠም አየን። መካኒኩን ጋሼ እንበላቸው፤ ስማቸው እንዲጻፍ አልወደዱም። መኪናዋ የአንድ ጡረተኛ መምህር ቮልስ ናት፣ እሳቸውም በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይከታተላሉ። ጠጋ ስንል ጋሼ ዞር አሉና ከመሃላችን አንዷን «አንቺ፣ መጀመሪያ ሰዓትሽን አውልቂ። ከዚያ ትጠጊያለሽ» አሏት። የብረት ማሰሪያ ያለው ሰዓት የባትሪውን ፖዘቲቭና የመኪናውን ብረት ቢያገናኝ ሰዓቱ ሳይሆን ክንዱ ነው የሚጠበሰው። ቀለበትም እንዲሁ።

በነገራችን ላይ፣ ታሪክ የሚወድ ሰው ጋራዥ ገብቶ ዝም ብሎ ቢያዳምጥ ይበቃዋል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ላሜራ… ሁሉም ጣልያንኛ ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ የሄደ ወራሪ የተወው ቋንቋ በጀርመን መኪና ላይ እስከ ዛሬ ይሠራል። ባትሪው ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበትም ወገን «ማሳ» ነው፣ እሱም ጣልያንኛ። የዛሬው ጉዳይ ሁሉ ያለው በማሳው ላይ ነው።

ማጥፊያው የሚገባው በማሳው በኩል ነው፣ በሌላው አይደለም። ምክንያቱን ጋሼ በአንድ ቁልፍ አሳዩን። የ13 ቁልፍ ይዘው ፖዘቲቩን ሲፈቱ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ቢነካ ብልጭ ይላል፤ ባትሪ ደግሞ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣልና ብልጭታ አይወድም። ማሳው መጀመሪያ ከተፈታ ግን ቁልፉ የትም ቢነካ ምንም የለም። ስለዚህ ሲፈታ ማሳ መጀመሪያ፣ ሲታሰር ማሳ መጨረሻ። በቮልስ ላይ ይኼ ማሳ አጭር፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሽቦ ነው። የማጥፊያው አንድ ቡሎን ከሱ ጋር ይታሰራል፣ ከሌላው ቡሎን ወደ ባትሪው ነጌቲቭ አጭር ወፍራም ኬብል ይሄዳል። በቃ። (ላንድሮቨር ያላችሁ ግን አንድ አፍታ ቆዩ። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ማሳቸው ፖዘቲቩ ነው። ሽቦው ወዴት እንደሚሄድ በዓይን ሳታዩ በቀለም ብቻ አትመኑ።)

ክርክሩ የተነሳው እጀታው የት ይሁን ሲባል ነው። መምህሩ እንዳይታይ ፈለጉ። መኪናዋ ከፋብሪካ እንደ ወጣች ትኑር፣ አንድ ቀዳዳ እንዳይበሳባት፣ ማጥፊያውም ወንበሩ ሥር ይደበቅ አሉ። ጋሼ ደግሞ «መምህር፣ እሳት ሲነሳ ወንበር አንስተው ነው የሚፈልጉት?» አሏቸው። መምህሩም ለጊዜው መልስ አጡ።

እኛ በሐሳብ ከሁለቱም ጋር ነን። የመምህሩ ነገር ግትርነት ብቻ አይደለም። ይቺ ከተማ ሕንፃዋንም ሰነዷንም ስትጠብቅ አልታየችም። ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ታክሲ የነበሩት ሴይቼንቶዎች የት ናቸው? አብዛኞቹ ላሜራ ሆነው ቀልጠዋል፣ ፎቶ እንኳ በቅጡ አልተነሱም። በሥርዓቷ የቆየች አንዲት ቮልስ የቀለም ኮዷ፣ የሻንሲ ቁጥሯ፣ የተበየደችበት ቦታ ሁሉ ይነበባል። የበሳት ሰው ከዚያ ላይ ይሰርዛል። ግን የተቃጠለች መኪና ላይ ምን ይነበባል? ሚዛኑ ለኛ ወደ ጋሼ ያደላል።

ደግነቱ መሃል መንገድ ተገኘ። ጋሼ ከላሜራ ትንሽ ደገፍ ቆርጠው አጠፉ፤ ባትሪውን የሚይዘው የዱሮው ቡሎን ደገፉንም ያዘው። እጀታው ከወንበሩ ጫፍ ብቅ አለ፣ በቀኝ በር ቢከፈት እጅ የሚደርስበት ቦታ። አዲስ ቀዳዳ የለም። ነገ ሌላ ሰው ቢፈልግ አንድ ቡሎን ፈትቶ ሁሉን እንደ ነበረ ይመልሳል። መምህሩ ጎንበስ ብለው አዩትና «ይሁን» አሉ። ደስ አላላቸውም፣ ግን ይሁን አሉ።

ኬብሉን አስረዝሞ እጀታውን ሾፌሩ አጠገብ ማምጣት አይቻልም ነበር? ይቻላል፣ ግን ዋጋ አለው፤ በተለይ በ6 ቮልት መኪና። ቮልስ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. 6 ቮልት ነበረች፣ ወደ 12 ያለፈችው በ1966 እና 1967 ገደማ ነው። ሞተሪኖው 600 ዋት ቢፈልግ ከ12 ቮልት 50 አምፔር ይስባል፣ ከ6 ቮልት ግን 100። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያስቸግር ከዚህም እጥፍ ድርብ ይሄዳል። አምፔሩ ሲበዛ እያንዳንዱ ክንድ ኬብልና እያንዳንዱ የላላ ቡሎን ቮልት ይሰርቃል። ከ6 ላይ ግማሽ ቮልት መሰረቅ ከ12 ላይ እንደ መሰረቅ አይደለም። የመርካቶ ርካሽ ማጥፊያ የሚጋለጠውም እዚህ ነው፤ መልኩ አንድ ነው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ቀጭን ነው። ጋሼ ቴስተራቸውን በማጥፊያው ሁለት ቡሎን ላይ አድርገው መምህሩን «አስነሱ» አሏቸው። ሞተሪኖው ሲዞር ንባቡ ከ0.2 ቮልት ካለፈ ዕቃው ይመለሳል አሉ። አላለፈም።

አንድ ነገር ግን በጣም ይሳሳታሉ፣ እሱን እንናገር። ማጥፊያውን ሞተር እየሠራ ማጥፋት ሞተር ማጥፊያ አይደለም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ዲናሞው ራሱ ለካንዴላ የሚበቃ ኤሌክትሪክ ሊሰጥ ስለሚችል መኪናው ሊቀጥል ይችላል። አልተርኔተር ያለው መኪና ደግሞ ይባስ፤ ባትሪው በድንገት ሲለይበት ቮልቱ ተተኩሶ ውስጡ ያሉትን ዳዮዶች ሊያቃጥል ይችላል። የውድድር መኪኖች ማጥፊያ ተጨማሪ እግሮች ያሉት ለዚህ ነው፤ ባትሪውን ሲቆርጥ ካንዴላውንም አብሮ ይቆርጣል። የተራ መኪና ማጥፊያ የሚጠፋው ቁልፍ ከወጣ፣ ሞተር ከቆመ በኋላ ነው።

ይኼ ሁሉ ጣጣ ለአንድ አሮጌ መኪና ነው? አዎ፤ ምክንያቱም ምትክ የለም። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ (ልደታ አጠገብ ያለችው ሜክሲኮ አይደለችም) እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ወጥታ ምርቱ ቆመ፣ ቁጥሯ 21,529,464 ነበር። በ2011 ዓ.ም. ቮልስዋገን ከኢትዮጵያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረም የኛ ሰው ወሬ ሁሉ «ቮልስ ልትመለስ ነው» ሆኖ ነበር፤ እሷ አልተመለሰችም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ወሰነ። ስለዚህ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ያለችው ቮልስ የመጨረሻዋ ናት፤ አንዷ በተቃጠለች ቁጥር ከቁጥሩ አንድ ይቀነሳል፣ የሚጨመር ግን የለም።

በልደታ ጣቢያ የሚያልፈው ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በራሱ ላይ በተዘረጋ 750 ቮልት ሽቦ ይሄዳል። ከሥሩ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየሞላ ነው። እነዚህም ቢሆኑ ከትልቁ ባትሪ ሌላ የዱሮዋን ዓይነት ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ ይዘዋል፣ እሷ ከሞተች በሩም ላይከፈት ይችላል። ትልቁን ባትሪ የሚለይ መቁረጫም በብዙዎቹ ላይ አለ፣ መካኒክ ከመንካቱ በፊት እንዲነቅለው። ጋሼ ይኼን ስንነግራቸው አልደነቃቸውም። «እኛም ከመንካታችን በፊት ማሳ እንፈታለን» ብቻ አሉ።

ሲጨርሱ እጃቸውን በቤንዚን ታጠቡና መምህሩን ወደ ኋላ ኮፈኑ ወሰዷቸው። የቤንዚኗ ጎማ ቱቦ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች፤ ጣት ሲነካት ፍርፋሪ ትጥላለች። ከጋለ ሞተር በላይ ነው ያለችው። ቱቦዋ ካንጠባጠበች ከወንበሩ ሥር ያለው ስዊች የሚያድነው ነገር የለም፤ የቮልስ እሳት ከዚህም ይነሳል። መምህሩ አዲሱን ቱቦ ሊገዙ ወደ ሶማሌ ተራ ሄዱ፣ በታክሲ።